ልብ የሚቀሰቅስ መጽሐፍ ፍለጋ፦ ከአራት ኪሎ እስከ እንጦንስ በረሃ

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄ ጽፋ ይህን ክር (የጥያቄና የመልስ ሰንሰለት) የከፈተችው ስድስት ኪሎ አካባቢ ቢሮ የምትሠራ ሴት ናት። ጊዜው ታኅሣሥ ነበር፤ ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው። ስለ መጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች የሚናገር መጽሐፍ ፈልጋለች። ዓመተ ምሕረት ብቻ እየቆጠረ የሚሄድ ሳይሆን ሲያነቡት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ። ግዕዝ አታውቅም። እንግሊዝኛ ታነባለች፤ ልቧ ውስጥ የሚገባው ግን አማርኛው ነው። ከሥራ ስትወጣ ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ በእግሯ ስለምትሄድ እዚያው መንገዷ ላይ ቢገኝ ትመርጣለች።

መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ታስቀድሳለች፣ ትጾማለች፣ ግን ሰውነቷ እንጂ ልቧ አብሯት አይቆምም። ይህችን መስመር ባትጽፍ ኖሮ ክሩ አምስት ስድስት መልስ አግኝቶ ይረሳ ነበር ብዬ አምናለሁ። 67 መልስ ነው ያገኘው። ሁሉንም አንብቤያለሁ፣ አንዳንዱን ሁለት ሦስቴ። መድረኩ የቆዩ ክሮችን ስለሚያጠፋ፣ ይሄኛው ሳይጠፋ በራሴ አፍ ልተርከው ፈለግሁ።

1ኛው መልስ ሰጪ መጽሐፍ ልግዛ ብላ ከመውጣቷ በፊት ቤቷ ያለውን እንድትከፍት መከራት። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ጠቆማት፤ ጃንደረባው በሠረገላ ተቀምጦ ኢሳይያስን የሚያነብበትን። ሁለት መስመር ብቻ ጽፎ ሄደ። ይህ ምዕራፍ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ብዙ ያነጋግረናል።

2ኛው መጻሕፍተ መነኮሳትን ዘረዘረ፦ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። ንባቡ በግዕዝ፣ ትርጓሜው በአማርኛ የሆነውን እትም እንድትይዝ ነገራት። 3ኛው በዚሁ ተስማማ። 4ኛው በትሕትና አረመ። ጠያቂዋ የፈለገችው የመጀመሪያዎቹን ክርስቲያኖች ከሆነ ማር ይስሐቅ ዘግይቶ የመጣ ነው አለ። የነነዌው ይስሐቅ የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው። የጻፈው በሱርስት ነው፤ መጽሐፉ ወደ እኛ የደረሰው በዐረብኛ በኩል አልፎ ነው። እርማቱ ልክ ነው። ግን ከ5ኛው መልስ በኋላ ስለ ዘመኑ የጠየቀ አልነበረም።

5ኛዋ ቀበና የምትኖር ሴት ናት። ስለ አባቷ ማር ይስሐቅ ጻፈች። መጽሐፉ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተሸፍኗል፤ የወረቀቱ የተሣለበት ወገን ወደ ውስጥ፣ ነጩ ወደ ውጭ። የገጾቹ የታችኛው ጥግ ከአውራ ጣት ብዛት ጠቁሯል። እዚህም እዚያም የጧፍ ጠብታ አለ፤ በጥፍር ሲፋቅ ከሥሩ ያለው ፊደል ዘይት እንደነካው ሆኖ ይታያል። ምልክቱ ከነጠላቸው ጫፍ የተመዘዘ ክር ነው። አባቷ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያነብባሉ። ልጅ ሆና በግድግዳው በኩል እየሰማች ነው እንቅልፏን የምትጨርሰው። አንድ ጊዜ ክሩ ሳምንት ሙሉ አንድ ገጽ ላይ እንደቆመ አየች። ለምን እንደማይቀጥሉ ጠየቀቻቸው። ያነበቡትን ገና እንዳልሠሩት ነገሯት። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። መጽሐፉ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ እርሷ ደግሞ ግዕዙን አፍ ሞልታ ማንበብ አትችልም።

6ኛውና 7ኛው ለአባትየው ዕድሜ ተመኙላቸው። 8ኛው ያልጠበቅሁትን ነገር ይዞ መጣ። የአባትየው መልስ የአባ ጳምቦን ታሪክ አስታውሶታል። ጳምቦ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ በረሃ ይኖር የነበረ መነኩሴ ነው፤ ታሪኩን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ መዝግቦታል። ፊደል ስላልቆጠረ መዝሙር እንዲያስተምረው ወደ አንድ ሰው ሄደ። በእኛ አቆጣጠር የ38ኛው መዝሙር የመጀመሪያ ቁጥር ተነገረው፤ በአንደበቴ እንዳልበድል መንገዴን እጠብቃለሁ የሚለው ሐሳብ ነው። ይበቃኛል ብሎ ሄደ፤ ሁለተኛዋን ቁጥር አልሰማም። ከስድስት ወር በኋላ መምህሩ ለምን እንደጠፋ ቢጠይቀው፣ የመጀመሪያዋን ገና በሥራ እንዳልተማራት ነገረው። ብዙ ቆይቶም ሌላ ሰው ጠየቀው። በ19 ዓመት ውስጥ በጭንቅ መፈጸም እንደቻለ መለሰ።

8ኛው የጨመረው አልነበረም። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ተወው። እኔም ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ከ9 እስከ 14 ባሉት ወሬው መጽሐፉ የት ይገኛል ወደሚለው ዞረ። 9ኛዋ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ መቁጠሪያና ጧፍ የሚሸጡትን ጠቆመች። 10ኛው ራሱ መጽሐፍ ነጋዴ ነው፤ አራት ኪሎ ላይ አንጥፎ ይሸጥ የነበረ። መንገዱ ከተሠራ ወዲህ እንደ ድሮው ማንጠፍ እንደማይቻል፣ አብዛኞቹ ወደ ውስጥ ለውስጥ ሱቆች እንደገቡ አስረዳ። አንድ ታማኝ ምክር ሰጠ፦ ሽፋኑ ላይ ምስጢር ወይም የተደበቀ የሚል ቃል በትልቁ የተጻፈበትን መጽሐፍ መጀመሪያ መሀል ገልጣ ሁለት ገጽ ሳታነብ እንዳትገዛ። ነጋዴ ሆኖ ይህን መምከሩን አከበርኩለት። ያንን ንጣፍ አውቀዋለሁ። ክረምት ላይ ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ በመጽሐፎቹ ላይ ነጭ ላስቲክ ይዘረጋሉ፤ ደንበኛው ጎንበስ ብሎ በጠብታው ውስጥ አርእስት ያነባል።

11ኛው ይህን ሲሰማ የፒያሳ ትዝታ ቀሰቀሰው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ የጠፋ አንድ የሚያውቀው ሱቅ ነበር። 12ኛው ሌላ ሱቅ፣ 13ኛው የማኪያቶ ቤት አነሣ። ነገሩ መጽሐፍ መሆኑ ቀርቶ የድሮዋ ፒያሳ ሆነ። ጠያቂዋ በ14ኛው ገብታ በትሕትና መለሰቻቸው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለእግሯ ቅርብ ስለሆነ እዚያ ምን እንዳለ የሚያውቅ ካለ ጠየቀች። የመለሰላት የለም፤ ምክንያቱም 15ኛው መጣ።

15ኛው ወጣት ይመስለኛል። እውነተኛው የመጀመሪያ ክርስትና እንደተደበቀ፣ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በኒቅያ ጉባኤ ወንጌሎችን አስቃጥሎ አራቱን ብቻ እንዳስቀረ ጻፈ። መንቃት የምትፈልግ ከሆነ የቶማስ ወንጌል የሚባለውን እንድታነብ መከራት። 16ኛው እንጀራ ለለመነች እህት መርዝ ተሰጠ ብሎ ተቆጣ። 17ኛው ደግሞ 15ኛውን መጽሐፉን ራሱ አንብቦት እንደሆነ ጠየቀው፤ መልስ አላገኘም። 18ኛው ከሁሉ የከፋውን ጻፈ። ጠያቂዋ ሆን ብላ የተላከች ተሐድሶ ናት፣ ልቤ አይቆምም የሚለው ቃልም ማጥመጃ ነው አለ። ይህን ሳነብ ፊቴ ጋለ። አንዲት ሴት ጨነቀኝ ብላ በር ስታንኳኳ ማን ላከሽ ተብሎ አይጠየቅም። 19ኛው ለ18ኛው በዚያው ቋንቋ መለሰለት። 20ኛው ተሰርዟል። 21ኛው የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው፤ ሰውን በስም የሚፈርጅ ቢኖር ክሩን እንደሚዘጋው አስጠነቀቀ።

22ኛዋ ቁጣ ቢኖርባትም የያዘችው ነገር ንጹሕ ነው። የኒቅያ ጉባኤ በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው በአርዮስ ትምህርት ምክንያት ነው፤ የፋሲካንም ቀን ወስኗል። ወንጌል መርጦ ያቃጠለበት ነገር የለም። የሊዮኑ ኢሬኔዎስ በ180 አካባቢ፣ ከኒቅያ 145 ዓመት ገደማ በፊት፣ ወንጌሎቹ አራት እንደሆኑ ጽፎ አስቀምጧል። የአዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዛሬ እንደምናውቃቸው ዘርዝሮ የጻፈው ደግሞ የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው፣ በ367 በላከው የፋሲካ መልእክት። የቶማስ ወንጌል የተባለው በ1945 ላይኛው ግብፅ፣ ናግ ሐማዲ አጠገብ፣ በእንስራ ውስጥ ከተገኙት የቅብጥ ጽሑፎች አንዱ ነው። 114 አባባሎች አሉት። ስቅለት የለበትም፣ ትንሣኤም አልተተረከበትም። ማንበብ ይቻላል፤ ግን የመጀመሪያዎቹ ሰማዕታት የሞቱለትን ነገር እዚያ ውስጥ ፈልጋ አታገኘውም አለች። አትናቴዎስ የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ ዙሮ ይመጣል።

23ኛው መምህር ናቸው፤ አጻጻፋቸው ይናገራል። ለማንም አልተቆጡም። ተደበቀ የሚባለውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ እንደማያስፈልግ ነው የጻፉት። ሌላው ዓለም የጣለውን እኛ ስናነበው ኖረናል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ የገባው በ1773 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ነው በአራማይክ ቋንቋ የተጻፉ ቁራጮቹ ሙት ባሕር አጠገብ ባለው የቁምራን ዋሻ የተገኙት። ዕርገተ ኢሳይያስም ሙሉው ያለው በግዕዝ ነው።

ከሁሉ ግን ኖላዊ ሄርማስ በሚባለው መጽሐፍ ላይ ቆዩ፤ እኔም እዚያ ላይ ልቆይ። ሄርማስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም የኖረ፣ ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው ነው። ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ንግዱና ቤቱ ያስጨንቁታል። መነኩሴ አይደለም፣ ሰማዕትም አይደለም። መጽሐፉ በጥንት ዘመን በጣም ከመከበሩ የተነሣ ሲናይቲከስ በሚባለው የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግሪክ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከአዲስ ኪዳን ቀጥሎ ተጽፎ ይገኛል። በግዕዝም አለን። ሄርማስ በራእይ አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ያያል። ሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን ናት። በሁለተኛው ራእይ ፊቷ ወጣት ሆኗል፣ ሽበቷ ግን አለ። በሦስተኛው ፈጽማ ወጣት ሆናለች፣ ፀጉሯ ብቻ ሲቀር። ለምን መጀመሪያ አርጅታ እንደታየችው ሲጠይቅ፣ ያረጀው የእነርሱ መንፈስ ስለሆነ እንደሆነ ይነገረዋል። በኑሮ ጣጣ ደክመው፣ ተስፋ ቆርጠው፣ ነገ ምንም እንደማይጠብቅ ሽማግሌ ሆነው ስለነበር ነው። ልባቸው ሲታደስ እርሷም በዓይናቸው ታደሰች።

መምህሩ ይህን ከጻፉ በኋላ፣ ለጠያቂዋ ከዚህ የሚቀርብ መጽሐፍ እንደማያውቁ ተናገሩ። ስለቀዘቀዘ አማኝ የተጻፈ ነውና። በ24ኛው እርሷ ገባች። ቢሮ ሆና እንዳነበበችው፣ ፊቷን ለመታጠብ መውጣት እንዳለባት ብቻ ጻፈች።

25ኛው ወደ 1ኛው መልስ ተመልሶ ጃንደረባው የእኛ ሰው መሆኑን በኩራት አነሣ። 26ኛው ሹል ነው። የጃንደረባው ንግሥት የተጠራችበት ህንደኬ የሰው ስም አይደለም፣ የኩሽ ነገሥታት እናቶችና ንግሥቶች የማዕረግ ስም ነው፤ መናገሻቸውም ዛሬ ሱዳን ያለችው መርዌ ነበረች አለ። 27ኛው ተናደደ፤ ይህ የአባቶችን ትውፊት ማፍረስ እንደሆነ ተናገረ። የታሪክ ሊቃውንት አብዛኞቹ 26ኛው እንዳለው ነው የሚያስቀምጡት። ትውፊታችን ደግሞ ጃንደረባውን የራሱ አድርጎ ኖሯል። ሁለቱ የተጣሉበት ግን አንዱን ቁም ነገር አሳለፋቸው፤ ለዚህ ነው እኔ በ28ኛው የገባሁት።

የጻፍኩት ይህን ነው። መንገድ ላይ ወደ ሠረገላው የቀረበው ፊልጶስ ጃንደረባው ምን እንደሚያነብ እንዴት ዐወቀ? ሰምቶ ነው። ሰውየው ሠረገላ ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ ነበር የሚያነበው። የጥንት ሰው ንባብ በአብዛኛው እንዲህ ነበር። ኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው አውግስጢኖስ ሚላን ሲደርስ የከተማዋ ጳጳስ አምብሮስ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በዓይኑ ብቻ ሲያነብ አይቶ ተገርሞ ጽፎታል። ጃንደረባው በዝምታ ቢያነብ ኖሮ ፊልጶስ ባጠገቡ ያልፍ ነበር።

ከዚያ የግብፃዊውን መነኩሴ የአባ እንጦንስን ነገር አመጣሁ። እንጦንስ ወላጆቹ ሲሞቱበት 18 ወይም 20 ዓመቱ ነበር። አንዲት ታናሽ እህትና 300 አሩራ ለም መሬት ቀረለት፤ ወደ 80 ሄክታር ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወንጌል እየተነበበ ነው። ለሀብታሙ ጎልማሳ የተነገረው ቃል፣ ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ የሚለው፣ ለእርሱ የተነበበ መሰለው። ወጥቶ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። ይህ ሰው ፊደል አልተማረም፤ የሰማውን በልቡ እየያዘ ማስታወሱ እንደ መጽሐፍ ሆነለት። የእኛ የቃል ተማሪ ትርጉሙ ይገባዋል።

በ356 እ.ኤ.አ. በ105 ዓመቱ ሲያርፍ ታሪኩን የጻፈው አትናቴዎስ ነው። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተረጎመ። ዛሬ ጀርመን ባለችው ትሪየር ሁለት የቤተ መንግሥት ሹማምንት የከተማዋን አጥር ተከትለው ሲንሸራሸሩ አንድ ጎጆ ገቡ፤ መጽሐፉን እዚያ አገኙት። አንደኛው ማንበብ ጀመረ። ሳይጨርሰው ሥራውን ለመተው ወሰነ፤ ጓደኛውም ተከተለው። ይህን ወሬ በ386 ሚላን ውስጥ አንድ እንግዳ ለአውግስጢኖስ አወራለት። አውግስጢኖስ በዚያው ቀን አትክልት ቦታው ወጥቶ አለቀሰ። የልጅ ድምፅ አንሥተህ አንብብ የሚል ሰማ፤ አነሣ፣ አነበበ። በማግስቱ ዓመት ተጠመቀ።

እንግዲህ አትናቴዎስ ማለት ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን ነው። አውግስጢኖስን የቀሰቀሰውን መጽሐፍ የጻፈች እጅና በእኛ ጳጳስ ራስ ላይ የተጫነች እጅ አንድ ናት። የእንጦንስ ገድል በግዕዝም አለን። ስለዚህ ለእህታችን የምመክራት እርሱን ነው አልኩ። ግን ብቻዋን በስልክ ብርሃን እንዳታነበው። ከእንጦንስ እስከ አውግስጢኖስ ያሉት ሁሉ የነቁት ወይ ሲነበብ ሰምተው፣ ወይ ሰው አውርቶላቸው፣ ወይ ጓደኛ አጠገባቸው ሆኖ ነው። ይህን ከልቤ ነው የማምነው። መጽሐፉን ከመምረጥ እኩል አብሮ የሚሰማ ሰው መፈለግ ያስፈልጋታል።

29ኛው አመሰገነኝ። 30ኛዋ አረመችኝ፤ አውግስጢኖስ የከፈተው ወንጌል ነው ብዬ ጽፌ ነበር። የጳውሎስን መልእክት ነው የከፈተው፣ ሮሜ 13 ከቁጥር 13 ጀምሮ። እርሷ ደግሞ ከዚያ ሁለት ቁጥር ወደ ላይ እንድንወጣ ጠየቀች። እዚያ ጳውሎስ ከእንቅልፍ የምንነሣበት ሰዓት እንደደረሰ ነው የሚናገረው። ጠያቂዋ ቀስቅሱኝ ስላለች ይህን ከማንም በላይ ለእርሷ ጻፍኩት አለች። ስንት ጊዜ ያንን ገጽ አልፌዋለሁ፣ ሁለቱን አገናኝቼ ግን አላውቅም። 31ኛው ሌላ ስህተት አወጣብኝ። ፍሬምናጦስን የተቀበለውን ንጉሥ ኢዛና ብሎ የጠራው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ ነው ብዬ ነበር። ሩፊኖስ የንጉሡን ስም አልጠራም። የኢዛናና የሳይዛና ስም ያለው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ በጻፈላቸው ደብዳቤ ላይ ነው፤ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ መልሱልኝ ብሎ። ደብዳቤውን ጠብቆ ያቆየልን ደግሞ ራሱ አትናቴዎስ ነው፣ ለዚያው ንጉሥ በጻፈው መከላከያ ውስጥ። ሁለቱንም እርማት ተቀብዬ ጽሑፌን አስተካከልኩ።

32ኛዋ ሁላችንንም ጸጥ አሰኘች። እንጦንስ ሁሉን ሰጥቶ ሲሄድ እህቲቱስ? ለደናግል አደራ ሰጥቷት መሄዱን ማንም አላነሣም አለች። እርሷ ራሷ ወንድሟ ለመመንኮስ ብሎ ከቤት የወጣባት እህት ናት። የታመመች እናት ያስታመመችው ብቻዋን ነው። በየቅዳሜው ሰው ወንድሟን ሲያመሰግን ትሰማለች። ይህን ጻፈች፤ ማንንም አልሰደበችም። 33ኛው የቅዱስን ሕይወት በሥጋ ዓይን መመዘን ነው ብሎ ገሠጻት። መልሱ ቸኩሏል። 34ኛው ቀድሞ ይቅርታ ጠየቃት፣ ከዚያ እንጦንስ ሸምግሎ ከበረሃ ሲወርድ እህቱን ማግኘቱ ገድሉ ላይ እንደተጻፈ ነገራት። እርሷም በድንግልና ሸምግላ፣ ለሌሎች ደናግል መሪ ሆና ነው ያገኛት፤ አይቷትም ደስ ብሎታል። 32ኛዋ ይህን አታውቀውም ነበር። ቢሆንም እህቲቱ ስሟ እንኳ አለመጻፉን አስተዋለች። ትክክል ናት፤ አልተጻፈም።

ከ35 እስከ 39 ፈጥኜ ልለፍ። የጾም ክርክር ነበር፣ ከእኛ ነገር ጋር አይገናኝም።

40ኛው ፕሮቴስታንት ነው፤ ራሱ ተናግሯል። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በቤት ነበር የሚሰበሰቡት፣ መዓርግና ሥርዓቱ ኋላ የመጣ ነው አለ። እርሱ የነቃው ሳሎን ውስጥ ስምንት ሆነው የሐዋርያት ሥራን በየምሽቱ ሲያነቡ ነው። 41ኛው በጠንካራ ቃል መለሰለት። የአንጾኪያው አግናጥዮስ በ2ኛው መቶ መጀመሪያ ለሞት ወደ ሮም ሲወሰድ በጻፋቸው መልእክታት ስለ ኤጲስ ቆጶስ፣ ስለ ቀሳውስትና ስለ ዲያቆናት ደጋግሞ ይናገራል። ነገሩ ሊከር ሲል 42ኛዋ ሁለቱም የሚቆሙበት ቦታ አገኘች። ሶርያ ውስጥ ዱራ ኤውሮጶስ በምትባል ከተማ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ቤተ ክርስቲያንነት የተለወጠ መኖሪያ ቤት በቁፋሮ ተገኝቷል። ቤት ነው፤ ማጥመቂያም አለው፣ ግድግዳው ላይም ሥዕል አለ። 43ኛው የሮማዊውን አገረ ገዥ የፕሊኒን ደብዳቤ ጨመረ። በ112 አካባቢ ለንጉሡ ሲጽፍ፣ ክርስቲያኖቹ በተወሰነ ቀን ከንጋት በፊት ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እየተቀባበሉ እንደሚዘምሩ መርምሮ ማወቁን ይናገራል። 44ኛው ለኪዳን ጸሎት በጨለማ የወጣ ሰው ይህን ሲያነብ ቤቱ ያለ ይመስለዋል አለ። 40ኛውም ተስማማ። ከዚያ በኋላ እርስ በርስ ወንድሜ ይባባሉ ጀመር።

47ኛዋ ጡት የምታጠባ እናት ናት። የፐርፔቱአን ነገር ጻፈች። በ203 እ.ኤ.አ. በሰሜን አፍሪካዋ ካርታጎ ከተማ ለአራዊት የተሰጠች የ22 ዓመት ሴት፤ በእስር ቤት ሆና ራሷ የጻፈችው ማስታወሻ ደርሶናል። ሕፃኗን ሲያመጡላት እስር ቤቱ ቤተ መንግሥት እንደሆነላት ትጽፋለች። 47ኛዋ ሌሊት ልጇን እያጠባች በአንድ እጇ ስልክ ይዛ እንዳነበበችው ነገረችን። አብራት የተገደለችው ፌሊቅጣስ ባሪያ ነበረች፤ ከመሞቷ ጥቂት ቀን በፊት እዚያው እስር ቤት ወለደች። ስለዚህ መልስ የምጨምረው የለኝም። ያነበበ ሁሉ የልብ ምልክት አድርጎባታል።

ከ50ዎቹ ጀምሮ ፒዲኤፍ በቴሌግራም መላክ ሌብነት ነው ወይስ አይደለም በሚለው ተነታረኩ። 10ኛው መጽሐፍ ነጋዴ ተመልሶ መጥቶ ልጆቹን በዚያ እንደሚያሳድግ ነገራቸው። ነገሩ በረደ። አንዱ በ58ኛው የወሰደውን መልሶ እንደሚገዛ ቃል ገባ።

ክሩ ለሳምንታት ተኛ። 64፣ 65 እና 66 ሰላምታ ናቸው። 67ኛው የጠያቂዋ ነው፣ ጥር 24 የተጻፈ።

ጥር 22 ለዑራኤል ክብረ በዓል ሄዳ ነበር። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ መንገድ ላይ ስለወጣ ከአጥሩ ውጭ ነው የቆመችው፣ አንዲት ጧፍ ሻጭ አጠገብ። በድምፅ ማጉያው የዕለቱ ስንክሳር ተነበበ። አባ እንጦንስ የሚለውን ስም ሰማች። ጥር 22 የዕረፍቱ ቀን መሆኑን አታውቅም ነበር። ስለ መሬቱና ስለ እህቱ የሆነውን ክሩ ላይ አንብባ ታውቀዋለች። ግን ስሙ ከላይ በድምፅ ሲመጣባት፣ ሰው እየገፋትም ቢሆን፣ ልቧ አብሯት ቆመ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልጻፈችም።

ሌላም አለ። 5ኛዋ በውስጥ መስመር ጽፋላት ቀበና ጋብዛታለች። አሁን በየሐሙሱ ከሥራ በኋላ ትሄዳለች። አባትየው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፣ ሁለቱ ሴቶች በየተራ የአማርኛውን ትርጓሜ ጮክ ብለው ያነባሉ። ግዕዙ ላይ ሲደርሱ ይንተባተባሉ፤ እርሳቸው በቃላቸው ይሞሉላቸዋል። ክሯን ከነጠላ የተመዘዘችውን አሁንም እርሳቸው ናቸው የሚያንቀሳቅሷት፤ ሦስት ሐሙስ አልፎ ገና አንድ ገጽ ላይ ናት።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቀች። ፊደሉ ተለቅ ያለ ማር ይስሐቅ ያየ ካለ እንዲነግራት። ማታ አምፖሉ ደብዛዛ ነው። እስካሁን የመለሰላት የለም። እኔ ቅዳሜ አራት ኪሎ እወርዳለሁ፤ 10ኛውን ነጋዴ እጠይቅላታለሁ።